ኳሷን ነክቷል፤ እግሩስ?

ሰኔ 6 ቀን 1990 ዓ.ም. ፈረንሳይ ውስጥ፣ ሊዮን ከተማ ላይ ደቡብ ኮሪያና ሜክሲኮ የዓለም ዋንጫ የምድብ ጨዋታቸውን ይዘዋል። በ28ኛው ደቂቃ ኮሪያዊው ሃ ሶክ ጁ የመታው የቅጣት ምት መረብ ላይ አረፈ። የኮሪያ ደጋፊ ፈነጠዘ። ግብ አግቢው ግን ደስታውን አጣጥሞ አልጨረሰም፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ የሜክሲኮውን ራሞን ራሚሬዝ ከኋላ በሸርተቴ ገብቶ አጨደው። ኦስትሪያዊው ዳኛ ጉንተር ቤንኮ ከኪሳቸው ያወጡት ቀይ ካርድ ነበር። በ28ኛው ደቂቃ ጀግና የተባለው ሰው በ30ኛው ከሜዳ ወጣ። ቡድኑም በ10 ሰው ተጫውቶ 3 ለ 1 ተሸነፈ።

ያን መሰሉ ጥፋት ቀደም ባሉት ዓመታት ብዙ ጊዜ በቢጫ፣ ሲብስም በተግሣጽ ብቻ ይታለፍ ነበር። ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት ግን የእግር ኳስን ሕግ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ቦርድ (ኢፋብ) ሕጉ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረ። የተጋጣሚን ደኅንነት አደጋ ላይ የሚጥል ከኋላ የሚመጣ ሸርተቴ ከባድ ጥፋት ነው፤ ቅጣቱም ከሜዳ መባረር ነው የሚል። ሃ ሶክ ጁ በዓለም ዋንጫ መድረክ አዲሱን ሕግ መጀመሪያ ከቀመሱት አንዱ ሆነ። ከአምስት ቀን በኋላ ደግሞ በአንድ ቀን በተደረጉ ሁለት ጨዋታዎች አምስት ተጫዋቾች በቀይ ወጡ። «ጨዋታው ለዛውን አጣ» የሚለው ጩኸት ያኔ ተነሣ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልበረደም።

እኔ ከሕጉ ጋር ነኝ። የሚቃወሙት ሰዎች ግን ከንቱ ተሟጋቾች አይደሉም። ከሚያነሷቸው ነጥቦች አንዱ በተለይ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እሱም ቅጣቱ መመዘን ያለበት ተከላካዩ በፈጠረው አደጋ ነው ወይስ በደረሰው ጉዳት የሚለው ነው። ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ሕጉ ከየት እንደመጣ ላስታውስ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1966 የዓለም ዋንጫ ፔሌ ሊቨርፑል ከተማ በሚገኘው ጉዲሰን ፓርክ ከፖርቱጋል ጋር ሲጫወት ሞራይስ የተባለው ተከላካይ በአንድ ሩጫ ላይ ሁለት ጊዜ እግሩን መታው። ሞራይስ አልተባረረም። በዚያ ዘመን ተጫዋች መቀየር ስላልተፈቀደ ፔሌ እያነከሰ ጨዋታውን ጨረሰ፤ ብራዚልም ከውድድሩ ተሰናበተች። ቢጫና ቀይ ካርድ ያኔ ገና አልተፈጠሩም። እንግሊዛዊው ዳኛ ኬን አስተን የትራፊክ መብራት አይተው ሐሳቡን አፈለቁት፤ ካርዶቹ በ1970 ሜክሲኮ ላይ ሥራ ጀመሩ። ካርድ መኖሩ ብቻውን ግን ከኋላ የሚመጣውን እግር አላስቆመውም። በ1983 የአትሌቲክ ቢልባኦው አንዶኒ ጎይኮቼያ ካምፕ ኑ ላይ የማራዶናን ቁርጭምጭሚት ሰብሯል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የብዙ ሰውን ልብ የነካው ግን የማርኮ ቫን ባስተን ታሪክ ነው። ሦስት ጊዜ ባሎን ዶር ያገኘ፣ በ1988 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ከማይታመን ጥግ ያገባ አጥቂ ነው። ቁርጭምጭሚቱ ዓመት ከዓመት በደረሰበት ምት አልቆ ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። በሜይ 1993 ሙኒክ ላይ ሚላን ከማርሴይ ጋር ያደረገው የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ የመጨረሻ ጨዋታው ሆነ፤ ያኔ 28 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት በሕክምና ተንከራቶ በኦገስት 1995 ጫማውን ሰቀለ። ለስንብት ሳን ሲሮ ላይ ማሊያ ሳይሆን የዘወትር ልብሱን ለብሶ ሜዳውን ዞረ፤ አሠልጣኙ ፋቢዮ ካፔሎ በተቀመጡበት አለቀሱ። ፊፋ ከኋላ የሚመጣን ሸርተቴ ማጥበቅ የጀመረው በዚያው ዘመን ነው። በ1994 ለዳኞች ጥብቅ መመሪያ ተሰጠ፤ በ1998፣ ማለትም በእኛ 1990፣ መመሪያው ሕግ ሆነ።

ሕጉ ዛሬ ይበልጥ ሰፍቷል። «ከኋላ» የሚለው ቃል ብቻውን አልቀረም፤ ከፊትም ሆነ ከጎን፣ በአንድ እግርም ሆነ በሁለት፣ የተጋጣሚን ደኅንነት አደጋ ላይ ጥሎ የገባ ሁሉ ይባረራል። ሕግ ቁጥር 12 ጥፋትን በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል። ጥንቃቄ ለጎደለው የቅጣት ምት ብቻ ይሰጣል፤ በተጋጣሚው ላይ የሚመጣውን አደጋ ከቁብ ሳይቆጥር ለገባ ቢጫ፤ ከመጠን ያለፈ ኃይል ለተጠቀመ ወይም ደኅንነትን አደጋ ላይ ለጣለ ቀይ። በ1995 ሕጉ ሲሻሻል ደግሞ እንዲህ ላሉት ጥፋቶች «ሆን ብሎ» የሚለው መስፈርት ወጥቷል። ስለዚህ ዳኛው የተጫዋቹን ልብ እንዲመረምር አይጠየቅም።

ይህን ብዙ ተመልካች አይቀበለውም። ቅዳሜ ከሰዓት አዲስ አበባ ውስጥ ካሉት የዲኤስቲቪ ማሳያ ቤቶች ወደ አንዱ ግቡ። ወንበሩ ሞልቶ ግማሹ ሰው ግድግዳ ተደግፏል። ተከላካዩ ተንሸራቶ ኳሷን ገፋት፤ ያው እግር ቀጥሎ በአጥቂው ቅልጥም ላይ አረፈ። ዳኛው እጁን ወደ ኪሱ ሳይሰድ ከግማሹ ቤት «ኳሷን እኮ ነው የነካው!» የሚል ጩኸት ይነሣል። ክርክሩ ተደጋጋሚው ምስል ከመታየቱ በፊት ይጀምራል፤ ምስሉ ከታየም በኋላ አያቆምም። በሕጉ ግን ኳስ መንካት ከቀይ ካርድ አያድንም። ኳሷን መጀመሪያ ነክቶ ቀጥሎ የሰው እግር የሚሰብር ሰው እግር ሰብሯል።

እግር እንዴት እንደሚሰበር ማየት ሕጉን ለመረዳት ይረዳል። በአየር ላይ ያለ እግር ሲመታ ከምቱ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ከኃይሉ ከፊሉን በመንቀሳቀስ ያመልጠዋል። መሬት ላይ የተተከለና የሰውነትን ክብደት የተሸከመ እግር ግን መሄጃ የለውም። የታኬታው ጥርስ ሣሩ ውስጥ ስለገባ ጫማው ይቆማል፤ ከላይ ያለው አጥንትና ጅማት ይጣመማል። ምቱን የሚያይ ተጫዋች በደመ ነፍስ እግሩን ያነሣል ወይም ይዘላል። ከኋላ የሚመጣበት ግን አያይም። የ1998ቱ ሕግ ከኋላ በሚመጣው የጀመረው ያለ ምክንያት አልነበረም።

የአርሰናል ደጋፊ ይህን ለማስረዳት ምስል አያስፈልገውም። ፌብሯሪ 23 ቀን 2008 በርሚንግሃም ላይ ጨዋታው ገና ሦስት ደቂቃ እንደሄደ የማርቲን ቴይለር እግር የኤድዋርዶን ቅልጥም መታው። አጥንቱ ተሰበረ፤ ቁርጭምጭሚቱ ወለቀ። ኤድዋርዶ ወደ ሜዳ ለመመለስ አንድ ዓመት ያህል ፈጀበት። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ ፌብሯሪ 27 ቀን 2010፣ ስቶክ ሜዳ ላይ የ19 ዓመቱ አሮን ራምሴይ በራየን ሾውክሮስ ሸርተቴ እግሩ ላይ ሁለት አጥንት ተሰበረ። ሾውክሮስ ቀይ ካርዱን አይቶ እያለቀሰ ወጣ። ሾውክሮስ ክፉ ልጅ ነበር ብዬ አላምንም፤ ዕንባው የውሸት አልነበረም። ነገር ግን ራምሴይን ከወራት ሕመም ዕንባው አላዳነውም። እንግሊዝ ውስጥ ለከባድ ጥፋት የሚሰጠው ቅጣት የሦስት ጨዋታ እገዳ ነው። አንዱ ሦስት ጨዋታ፣ ሌላው አንድ ዓመት፤ ይህን አነጻጽሮ «ሕጉ ጠነከረ» የሚል ሰው ሚዛኑን ከየት እንዳመጣው አይገባኝም።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቹ ልመለስ።

ኖቬምበር 3 ቀን 2019፣ ጉዲሰን ፓርክ። የቶተንሃሙ ሰን ሁንግ ሚን የኤቨርተኑን አንድሬ ጎሜዝ ከኋላ ጠለፈው። ጠለፋው በየሳምንቱ የሚታይ ዓይነት ነበር፤ ዳኛው ማርቲን አትኪንሰን ቢጫ አወጡ። ጎሜዝ ግን ሚዛኑን ስቶ ሲንደረደር ከሰርጅ ኦሪየ ጋር ተጋጨና ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። ሰን ያንን ሲያይ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ተንቀጠቀጠ። ቢጫውም ወደ ቀይ ተለወጠ። ጥፋቱ ከተፈጸመበት ቅጽበት እስከ ቀዩ ካርድ ድረስ የተጨመረ ነገር ቢኖር የጎሜዝ ጉዳት ብቻ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ቀዩን ሻረው። መሻሩ ትክክል ነበር፤ ምክንያቱም ሕጉ የሚጠይቀው አገባቡ ምን ያህል አደገኛ እንደነበር እንጂ ስትሬቸር ወደ ሜዳ መግባት አለመግባቱን አይደለም።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2021፣ ኤላንድ ሮድ ላይ ሌላ ፈተና መጣ። የሊድሱ ፓስካል ስትራይክ የ18 ዓመቱን የሊቨርፑል አማካይ ሃርቪ ኤሊዮትን ከኋላ በሸርተቴ ገባበት። ጨዋታው ወዲያው አልቆመም፤ ሞ ሳላህ ነው የልጁን እግር አይቶ ሐኪሞቹን የጠራው። ቁርጭምጭሚቱ ወልቆ ነበር። ስትራይክ በቀይ ወጣ፤ ሊድስ ይግባኝ አለ፤ ይግባኙ ውድቅ ሆነ። ተጎጂው ኤሊዮት ራሱ ቀይ አይገባውም ነበር ብሎ በይፋ ተናገረ።

ሰዎች እነዚህን ሁለት ውሳኔዎች ጎን ለጎን አድርገው «ታዲያ ሕጉ የቱ ጋ ነው?» ሲሉ እሰማለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን ልዩነት አያለሁ። የሰን ጥፋት ተራ ጠለፋ ነበር፤ ጎሜዝ የተጎዳው ቀጥሎ በመጣው ግጭት ነው። ስትራይክ ሙሉ ሰውነቱን ወርውሮ ገባ፤ ተከታዩ እግሩም ኤሊዮት ላይ ወደቀ። አንዴ ከመሬት ተነሥቶ የተወረወረ ሰው መቆም ቢፈልግ እንኳ አይችልም። ራሱን መቆጣጠር በማይችልበት ሁኔታ ወደ ሰው እግር የገባ ተጫዋች አደጋውን የፈጠረው የተነሣ ጊዜ ነው። የኤሊዮት ይቅር ባይነት የሚያስመሰግነው ነው፤ ሆኖም ሕጉ የተጻፈው ለሚቀጥለው ልጅም ጭምር ነው።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ፤ አደጋው ግልጽ ሆኖ ሳለ ማለፍ። ኦክቶበር 17 ቀን 2020 የኤቨርተኑ ግብ ጠባቂ ጆርዳን ፒክፎርድ ወጥቶ የሊቨርፑሉን የቨርጂል ቫን ዳይክን ጉልበት አገኘው። ቫን ዳይክ ቀድሞ ከጨዋታ ውጭ ነበር፤ የቫር (የቪዲዮ ረዳት ዳኞች) ክፍሉም ትኩረቱን ያዋለው እዚያ ላይ ነው። ከጨዋታ ውጭ መሆን ግን ከባድ ጥፋትን አይሰርዝም፤ ፒክፎርድን ማባረር ይቻል ነበር። ፒክፎርድ ምንም አልተቀጣም፤ ቫን ዳይክ የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ የቀረው የውድድር ዓመት አመለጠው።

ቫር የመጣው እንዲህ ያለውን ሊያርም ነበር። በ2018 ኢፋብ አጽድቆት በዚያው ዓመት ሩሲያ በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ላይ ዋለ፤ ፕሪሚየር ሊግ በ2019 ገባ። ያላየነውን አሳይቶናል፤ የማይታይ የነበረ የተደበቀ እርግጫ ዛሬ ማምለጫ የለውም። ነገር ግን በዝግታ የሚሄደው ምስል ሌላ ችግር ወለደ። ቤልጂየም ውስጥ የሌቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ባሳተሙት ጥናት ዳኞች አንድን ጥፋት በዝግታ ሲያዩት በተለመደው ፍጥነት ካዩት ይልቅ ቀይ ለመስጠት ያደላሉ። በዝግታ ሲታይ ተጫዋቹ ለማሰብ ጊዜ የነበረው ይመስላል፤ በእውነተኛው ሰዓት ግን ነገሩ ከዐይን ጥቅሻ በታች ነው። የቫር ደንቡ ራሱ ይህን ያውቃል። ዝግታው ንክኪው የት ላይ እንደሆነ ለማየት ብቻ እንዲያገለግል፣ ኃይሉና ፍጥነቱ ግን በተለመደው ፍጥነት እንዲመዘን ያዛል። ችግሩ ንክኪውን በቆመ ምስል ካዩት በኋላ ከጭንቅላት ማውጣት ከባድ መሆኑ ነው።

ጃንዋሪ 25 ቀን 2025 የሆነው ይህንኑ ያሳያል። ዎልቭስ መልሶ ማጥቃት ሊጀምር ሲል የአርሰናሉ የ18 ዓመት ልጅ ማይልስ ሉዊስ ስኬሊ ማት ዶኸርቲን ጠለፈው። ዳኛው ማይክል ኦሊቨር ቀይ አወጡ፤ ቫርም ውሳኔውን አጸደቀ። በቆመው ምስል ላይ ጫማው ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ ቅልጥም ላይ ያርፋል፤ ያስደነግጣል። በተለመደው ፍጥነት ሲታይ ግን ልጁ አልተወረወረም፤ ያደረገው ቢጫ የሚገባው ጠለፋ ነው። ከቀናት በኋላ ቅጣቱ ተሻረ። በመካከሉ በዳኛው ላይ የወረደው የስድብና የዛቻ መዓት ፖሊስ ዘንድ ደርሷል። ዳኛ ሲሳሳት ውሳኔው ይታረማል፤ ቤቱ ድረስ የሚያስፈራራው ሰው ግን ስለ ተጫዋች ደኅንነት የመናገር መብት የለውም።

የመከላከል ጥበብ እየሞተ ነው የሚሉም አሉ። ይህን ክርክር አልቀበለውም። ዣቢ አሎንሶ በ2011 ከአንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ጋር ሲነጋገር ሊቨርፑል በነበረ ጊዜ ታዳጊዎቹ ስለ ብቃታቸው ሲጠየቁ ሸርተቴን እንደ ዋና ችሎታ ማንሣታቸው እንደገረመው ተናግሯል። ለእሱ ሸርተቴ ሌላው ሁሉ ሲያቅት የሚወሰድ እርምጃ ነው። ጥሩ ተከላካይ አጥቂው ከመዞሩ በፊት ቦታውን ይዟል፤ ኳሷን ቆሞ ይነጥቃል።

የዓለም ዋንጫ ቀይ ካርዶችም ሌላ ነገር ይናገራሉ። በ1998 በ64 ጨዋታ 22 ቀይ ታየ፤ በ2006 28 ደረሰ። በ2014 ወደ 10 ወረደ። ሁሉም ነገር በካሜራ በሚታይበት በ2018 አራት ብቻ፤ በ2022ም አራት ብቻ። የዳኞች አያያዝ መለወጡ አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ዋናው ግን ተጫዋቾቹ መለወጣቸው ነው ብዬ አምናለሁ። የሚያስከፍለውን የሚያውቅ ሰው እግሩን ይሰበስባል።

ሕግ ጉዳት እንደሚቀንስ ደግሞ ከግምት ያለፈ ማስረጃ አለ። በ2006 ክርንን ሆን ብሎ ወደ ተጋጣሚ ጭንቅላት መሰንዘር በቀይ እንዲቀጣ ተወሰነ። ጀርመን ውስጥ ቡንደስሊጋን በ13 ዓመት ውስጥ የተከታተሉ ተመራማሪዎች ከውሳኔው በኋላ የጭንቅላት ጉዳት በ29 ከመቶ መቀነሱን አገኙ። አንድ የሕግ ለውጥ ከዚህ በላይ ምን እንዲያደርግ ይጠበቃል?

ጭንቅላት ላይ ግን ብዙ ይቀራል። በጃንዋሪ 2022 ካሜሩን ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ የሴኔጋሉ ሳዲዮ ማኔ ከኬፕ ቬርዴው ግብ ጠባቂ ቮዚኛ ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጨ። ቮዚኛ በቫር ቀይ አየ። ማኔ ግን ተነሥቶ ቀጠለ፤ ግብ አገባ፤ ከዚያ በኋላ ነው ተቀይሮ ወደ ሆስፒታል የሄደው። የተጫዋቾች ዓለም አቀፍ ማኅበር ነገሩን ነቅፎታል፤ ትክክልም ነው። ሳምንት ቆይቶ በዚያው ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ሴኔጋልና ቡርኪናፋሶ ሲገናኙ መሐል ዳኛው የእኛው ባምላክ ተሰማ ነበሩ። የቡርኪናው ግብ ጠባቂ ኤርቬ ኮፊ ከሴኔጋሉ ሼኩ ኩያቴ ጋር በአየር ላይ ተጋጨ፤ ባምላክ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጡ። ምስሉን አይተው ውሳኔያቸውን ሻሩት። ኮፊ በስትሬቸር ወጣ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ወደ ስክሪኑ ሄዶ የራስን ውሳኔ መመለስ ድፍረት ይጠይቃል። ያ ግጭት ሌላም ነገር ያስታውሳል፤ ማንም ሳያጠፋ ተጫዋች ሊጎዳ ይችላል፤ ለዚህ መልሱ ካርድ ሳይሆን ሐኪምና ቅያሪ ነው። ከ2024 ጀምሮ ሕጉ ለጭንቅላት ጉዳት ተጨማሪ ቅያሪ ፈቅዷል። የተጫዋቾች ማኅበራት ሐኪሙ ያለ ችኮላ እንዲመረምር ጊዜያዊ ቅያሪ ይፈቀድ ብለው ጠይቀዋል፤ ኢፋብ እስካሁን እምቢ ብሏል። እዚህ ላይ ከማኅበራቱ ጋር ነኝ።

ይህ ሁሉ ካሜራ ከተደረደረበት ዓለም የመጣ ክርክር ነው። በእኛ የክረምት የሰፈር ውድድሮች ቫር የለም፤ ብዙ ጊዜ ሐኪምም የለም። ሜዳው ጠጠር ነው። ካልሲው ውስጥ የቅልጥም መከላከያ በሌለበት ካርቶን ሰክቶ የሚገባ ልጅ አለ። እዚያ ሜዳ ላይ የሚሰበር እግር ሲሰበር የሚያሳክም ክለብ የለውም፤ ወጪው የእናትና የአባት ነው፤ የልጁም ተስፋ ብዙ ጊዜ እዚያው ያበቃል። ስለዚህ ሕጉ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለእኛ ልጆች ነው።

ውድድር የምታዘጋጁ፣ የቅልጥም መከላከያ የሌለውን ልጅ አታስገቡ። ታዳጊ የምታሠለጥኑ፣ ቆሞ መንጠቅን አስተምሩ፤ «አጭደው!» የሚለውን ትእዛዝ ከመስመር ዳር አንሡ። ዳኞች፣ ከኋላ ተወርውሮ የገባውን በመጀመሪያው ደቂቃም ቢሆን አውጡት። እኛ የምንመለከተውም ዳኛው ቀይ ሲያወጣ «ኳሷን ነክቷል» ብለን ከመጮኻችን በፊት የወደቀውን ልጅ እግር እንይ።